«ነርስ ሆነሽ እንዴት?»

ለውድ እህቴ ለአበራሽ ነገራ
መቱ

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽ ሌንጮስ እንዴት ናቸው? አባባ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? ዝናቡ ሲያባራ ትንሽ ቀለል ይላቸዋል ብለሽኝ ነበር፤ አሁን በረንዳው ላይ ወጥተው ፀሐይ እንደሚሞቁ ተስፋ አደርጋለሁ። ቡናው ለቀማ ላይ ደርሷል አይደል? እዚህ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ጠዋት ጆሮ ይቆርጣል። እኔም፣ ባለቤቴ ስብሐትም፣ ትንሿ ርሆቦትም በናፍቆታችሁ እንዳለን አለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። «ደህና ነን» ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን ይህን የምጽፍልሽ ደህና ስላልነበርኩ ነው።

ባለፈው ስትደውዪ ድምፄ ደክሞብሽ «ምን ሆነሻል?» እያልሽ ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ። ከጎንሽ የአባባ ሳል ይሰማኝ ነበር። ስልኩን ሁልጊዜ ጮክ አድርገሽ ነው የምትከፍቺላቸው፤ እሳቸው ደግሞ የኔን ሕመም ከሰሙ እህል አይቀምሱም። ስለዚህ «ጉንፋን ነው» ብዬ ዘጋሁ። አሁን የስብሐት ጓደኛ መኪና ይዞ ወደ መቱ ስለሚወርድ በእጁ ላክሁልሽ። ለብቻሽ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው በክረምቱ ነው። በስተቀኝ በኩል ወገቤን ይወጋኝ፣ ሽንቴን ያቃጥለኝ ጀመር። ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም። የምሠራበት የአስተኝቶ ሕክምና ክፍል አልጋው ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ እኛ ግን በአንድ ፈረቃ ሁለት ነርሶች ብቻ ነን፤ እኔና ረይሃና። የሠራተኛ መጸዳጃ ቤት ያለው ታች ምድር ቤት ነው፤ እዚያም ውኃ የሚመጣው ሲቀናው ነው። ደረጃውን ወርጄ እስክመለስ የአንዱ ኦክስጅን ይወልቃል፣ የሌላዋ ግሉኮስ ያልቃል። ስለዚህ ሽንታችንን መያዝ ለመድን። መያዙ ሲከብደን ደግሞ ውኃ መጠጣቱን ተውን። በየአልጋው እየዞርኩ «ውኃ ጠጡ፣ ለኩላሊታችሁ ጥሩ ነው» ስል የራሴ ምላስ ከላንቃዬ ተጣብቆ ነበር።

አንድ ቀን ዶክተር መሳይን ኮሪደር ላይ አስቆምኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም እንደኛው ሲሮጥ የሚውል ነው። እየሄደ ሰማኝና «ሲፕሮ ጀምሪ፣ ካልተሻለሽ ንገሪኝ» ብሎኝ አለፈ። ጀመርኩ፤ ተሻለኝ፤ ተመልሶ መጣ። ሌላ መድኃኒት በራሴ ወሰድኩ፤ እንደገና ተሻለኝ፣ እንደገና መጣ። እታለም፣ እንዲህ የሚያደርግ ታካሚ ቢገጥመኝ ቁጣዬን አይችለውም ነበር።

በደንብ ልመርመር ስል ደግሞ፣ የተመላላሽ ክፍሉ የሚከፈተውም የሚዘጋውም እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። የክፍላችንን ኃላፊ ሲስተር ዓለሜን ግማሽ ቀን እንዲፈቅዱልኝ ለመንኳቸው። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «በማን ልተካሽ ሊሚዬ? ሰው ካለሽ አምጪና ሂጂ» አሉኝ። ሰው እንደሌለ እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

በእረፍት ቀኔ ሄድኩ። ርሆቦትን ለጎረቤት ትቼ ገና በጠዋቱ ከቁስቋም ወረድኩ። ካርድ ክፍል የምትሠራው ባልደረባችን ስታየኝ ከሰልፉ ጎትታ ወደ ፊት አወጣችኝ። ከኋላዬ፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን የታቀፉ አንዲት እናት «እኛ በጨለማ ነው የመጣነው፤ የቤቱ ሰው ሲሆን እንዲህ ነው?» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። አፍሬ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ተመለስኩ። ተራዬ ደርሶ ሐኪሙ የሽንት ምርመራ ሲያዝልኝ ቀኑ ተጋምሶ ነበር።

ላቦራቶሪ ደግሞ ሂሻም አለ፤ ሲያዩት የሚያስቅ፣ ቀልድ የሚወድ ባለሙያ ነው። ብልቃጡን ስሰጠው አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ «ሊሚ! ለርሆቦት ወንድም መጣላት እንዴ?» ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮኸ። በማግስቱ ሥራ ስገባ የታካሚ ምግብ የምታከፋፍለው ሴትዮ ሳትቀር «በሰላም ያገላግልሽ» አለችኝ። በቃ፣ ውጤቱን ሳልጠይቅ ቀረሁ። የሰው ምስጢር ስንጠብቅ የምንውል ሰዎች የራሳችንን የምናኖርበት ቦታ የለንም። ሌላ ጤና ጣቢያ ልሂድ ብልም ያው አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ያጣሁት ደግሞ እሱኑ ነው።

መስከረም ሲያልቅ፣ ከረይሃና ጋር አንዲት ታካሚ ስናገላብጥ ድንገት አንቀጠቀጠኝ፤ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ከዚያ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው። ታካሚዎቹ «ኧረ ነርሷ ወደቀች! ኧረ ድረሱላት!» እያሉ ሲጣሩ ይሰማኛል። ያን ዕለት ጠዋት አንሶላውን በእጄ የቀየርኩት አልጋ ላይ አስተኙኝ። ረይሃና እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ነው ግሉኮስ የሰካችልኝ።

በማግስቱ ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ሲልልኝ ከጎኔ የተኙት እማማ «ልጄ፣ የኔ አልቆ እንዳይሆን እስቲ እይልኝ» አሉኝ። እኔም ተነሣሁ! የራሴን ግሉኮስ በግራ እጄ ወደ ላይ ይዤ የሳቸውን በቀኝ እጄ ስዘጋ ረይሃና ደረሰች። እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «ተኚ! አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ታመሚ እንጂ!» አለችኝ። እማማ ደንግጠው ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔ ሳቅ ያዘኝ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረና ማቆም አቃተኝ።

አልትራሳውንድ ያየችኝ ሐኪም የቀኝ ኩላሊቴ እንደተጎዳ፣ የተጎዳው ክፍል እንደ ድሮው እንደማይመለስ፣ ከእንግዲህ ክትትል እንደሚያስፈልገኝ ነገረችኝ። ቀጥላም «ነርስ ሆነሽ እንዴት እስከዚህ ዝም አልሽ?» አለችኝ። ስብሐትም ጎማ ከሚለጥፍበት ጎሚስታ ቤት እጁን ሳይታጠብ ሮጦ መጥቶ ያንኑ አለኝ። ሊጠይቀኝ የመጣ ጎረቤት ሁሉ ያንኑ አለ። እታለም፣ አንቺ እንዳትዪኝ እለምንሻለሁ። የጣለኝ አለማወቅ አይደለም። ያወቅሁትን የማደርግበት ጊዜ የሚሰጠኝ ሰው ነው ያጣሁት።

የሕመም ፈቃዴ ሳያልቅ ከሥራ ቦታ ይደወልልኝ ጀመር። «እንዴት ሆንሽ?» ይሉኛል፤ መልሴን ሳይጨርሱ «መቼ ትገቢያለሽ?» ይከተላል። አንድ ቀን ስብሐት ስልኩን ተቀብሎኝ «ጎማ እንኳ ተለጥፎ እስኪደርቅ ይጠበቃል» ብሎ ዘጋባቸው።

ስመለስ ከረይሃና ጋር ሆነን የነርሶች ሁሉ አለቃ የሆኑት ሜትረን ቢሮ ገባን። ፎቃችን ላይ መጸዳጃ ቤት፣ የሚጠጣ ውኃ፣ በየፈረቃው ለጥቂት ጊዜ የሚተካን አንድ ሰው ጠየቅን። ሜትረኗ «ይኼ አዲስ ነገር አይደለም፤ እኛም በዚሁ ነው ያለፍነው» አሉን። ሲስተር ዓለሜም ተጠርተው ተቀምጠው ነበር። ይቃወሙናል ብዬ ስጠብቅ፣ ጎንበስ አሉና ካልሲያቸውን ወደ ታች አወረዱት። የእግራቸው ደም ሥር እንደ ገመድ ተወጥሯል፤ ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ ቁስል በፋሻ ተጠቅልሏል። «ያለፍነው እንዲህ ሆነን ነው» አሉ። «ቤቴ ገብቼ ራሴ አጥባለሁ፣ ራሴ አሽጋለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አላሳየሁም።» እኔም ፈቃድ ስለምናቸው ለምን ቀና ብለው ሊያዩኝ እንዳልፈለጉ ገባኝ፤ ቢያዩኝ እምቢ ማለት ያቅታቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ፎቃችን ላይ አሮጌ ዕቃ የሚከማችባት ክፍል ተጠርጋ መጸዳጃ ሆነችልን። የሚጠጣ ውኃም ተቀመጠልን። የሚተካን ሰው ግን «ይታያል» ተብሏል። ቢሮ ውስጥ «ይታያል» ማለት ምን እንደሆነ አንቺም አታጪውም።

የፊታችን ማክሰኞ የክትትል ቀጠሮዬ ነው። ለዚያው ቀን ደግሞ ተረኛ አድርገውኛል። ለሲስተር ዓለሜ «የመጣው ይምጣ፣ እሄዳለሁ!» አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው «ሂጂ፤ እኔ እገባልሻለሁ» አሉኝ። በዚያ እግራቸው ቀኑን ሙሉ ቆመው ሊውሉልኝ ነው። ከቢሯቸው ስወጣ እንደ እሳት ነደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም። እኔ እንድታከም እሳቸው መቁሰል ነበረባቸው? ቢሆንም እሄዳለሁ። አልዋሽሽም፣ እግሬ እየከበደኝ ነው የምሄደው፤ ግን እሄዳለሁ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ «ሊሚ ጉንፋኑ ለቋታል» በያቸው። ሌንጮን ስለላከልን ማር በጣም አመሰግናለሁ፤ ርሆቦት ማንኪያውን አልለቅም ብላለች። ለጎረቤታችሁ ለእትዬ የሺ እንደ ልጃቸው እንደምናፍቃቸው ንገሪልኝ። ኪሩ ትምህርቱን እንዲበረታ፣ ከኳሱም እንዳይቀር በይው። ሮሐ ደግሞ እንደ አክስቴ ነርስ እሆናለሁ ብላለች አሉ። አበረታቻት ልልሽ ብዕሬን አንሥቼ ተውኩት፤ ከልክያት ልልሽም እጄ እምቢ አለኝ። ለአሁኑ ዝም ብለሽ ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ፣
ሊሚ ነገራ

ጉለሌ፣ ቁስቋም
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.