እውነቱን ያልደበቁን እትዬ እናኑ

ወይዘሮ እናኑ አስናቀው ከአባታቸው ከአቶ አስናቀው አለነና ከእናታቸው ከወይዘሮ የትነበርሽ ሰውአገኝ በጃናሞራ ወረዳ፣ ከመካነ ብርሃን ወጣ ባለች ቀበሌ፣ በመስከረም 1968 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ በዚህ በቀብራቸው ላይ በሚነበብ የሕይወት ታሪክ «ልጆቻቸው» የሚለውን ቦታ ባዶ መተው ነበረብን፤ እንዴት እንደምንተወው ግን ግራ ገባን።

በ2005 ዓ.ም. ጎንደር የምትኖረው ታናሽ እህታቸው፣ እናታችን ዓይናዲስ፣ የልብ ሕመም ጸናባት። እኔ ምስጢርና ወንድሜ መዝሙር ገና ልጆች ነበርን። አባታችን ቄስ ወልደኢየሱስ እንዳንፈራ ብለው «ጠበል ሄዳለች» አሉን። ምነው ሳትሰናበተን ሄደች? ምን አጥፍተን ይሆን? እትዬ እናኑ ከብቶቻቸውን ለዘመድ አደራ ሰጥተው በመጡ ማግስት ሆስፒታል ይዘውን ገቡ። «እናታችሁ ልቧ ታሞ ነው እንጂ እናንተን ጠልታ አይደለም። ያልገባችሁን እኔን ጠይቁኝ፤ አልዋሻችሁም» አሉን።

በዚያው ጎንደር ቀሩ። ፒያሳ አጠገብ ልብስ እየሰፉ አብረውን ኖሩ። እናታችን ትንፋሽ ሲያጥራት መዝሙር ባጃጅ እንዲጠራ፣ እኔ ትራስ ደርቤ ቀና እንዳደርጋት አስተማሩን። ለመምህሮቻችንም ነገሩልን። ሲሻላት ደግሞ «ሂዱ ተጫወቱ፣ እኔ አለሁ» ብለው ያስወጡን ነበር። ሕመሙ ከቤታችን አልወጣም፤ ፍርሃታችን ግን ቀለለልን።

ሁላችንም የምንሰጋው ለእናታችን ነበር። የቀደሙት እሳቸው ሆኑ። በደም ግፊት ሕመም ሆስፒታል ገብተው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። ሽማግሌዎች «የእናታችሁ ልብ መርዶ አይችልም፤ ከቀብሩ በኋላ ቀስ ተብሎ ይነገራታል» አሉ። ለእሷ አስበው ነው። እኛም ፈራን። ብንነግራት ብትሞትብንስ? ብንደብቃትስ? ግራ ሲገባን የምንጠይቀው እትዬ እናኑን ነበር።

የጃናሞራ ዘመዶች እስኪደርሱ እየተጠበቀ ሳለ፣ በማግስቱ ማለዳ መድኃኒቷን አስውጠን፣ ትራስ ደርበን፣ ባጃጅ በር ላይ አቁመን፣ እጇን ይዘን ነገርናት። ብዙ አለቀሰች። ከዚያም «ሸጋ አደረጋችሁ። እቴን ሳልሸኛት ብታስቀሩኝ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችን።

አሁን እዚሁ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ባዶ ልንተወው የነበረውን ቦታ እንድንሞላውም ያዘዘችን እሷ ናት።

ልጆቻቸው፦ ምስጢር ወልደኢየሱስ፣ መዝሙር ወልደኢየሱስ።

እኛን ሳይዋሹ ያሳደጉንን እናታችንን የእውነት አምላክ በመንግሥቱ ይቀበልልን። አሜን።