ፊክሪያ የተወለደችው መቼ ነው?

እስክንድርያ፣ ኢብራሂሚያ
ረመዳን 3፣ ከቀትር በኋላ

ለተከበርከው፣ ለኮራኸው፣ ፖርት ሰኢድ ለተደበቅኸው ባለቤቴ ለሸውቂ፤

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? ሌሊት መስኮት ክፈት እንጂ ዝጋ ስትባል እንደማትሰማ አውቃለሁ፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስልህ የኖርኩትን ዛሬ ብተወው ደብዳቤው የኔ አይመስልህም። ስለዚህ መስኮቱን ዝጋ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ብቻ እንደ ድሮው ሲያንጠባጥብ ያድራል።

ስልኩን ትቼ ለምን ደብዳቤ እንደጻፍኩ ሳይገባህ አይቀርም። በደወልኩ ቁጥር እህትህ ኢንሺራህ ታነሳና "ተኝቷል" ትለኛለች። ጠዋት ተኝቷል፣ ከሰዓት ተኝቷል፣ ማታም ተኝቷል። ባለፈው ሳምንት ግን "ተኝቷል" እያለችኝ ከኋላዋ ስታስል ሰማሁህ። "በእንቅልፉ ነው እንዲህ የሚያስለው?" ብላት ሳቋ አመለጣትና ዘጋችብኝ። እሷን እንዳትቆጣት፤ ወንድሟ ነህ፣ ምን ታድርግ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ እንድትመለስ ነው የምጽፍልህ። ከመጋቢት ጀምሮ ይህ ቤት ቤት አልሆነልኝም። ግን ከሁሉ በፊት የዚያች የድራማ ሴት የፊክሪያን ልደት ነገር ልንገርህ፤ ንዴትህ ሁሉ ከእሷ ስለጀመረ መጨረሻውን ማወቅ ይገባሃል።

ቴሌቪዥናችን ተሠራ። አዎ፣ "ነገ አሠራዋለሁ" ስትለው ሁለት ዓመት የከረመው ቴሌቪዥን። አንተ በሄድክ በሳምንቱ ሠራተኛ ጠርቼ አሠራሁት። አሁን ድራማ ለማየት ደረጃ የምወጣው እኔ መሆኔ ቀርቶ፣ ፎቁ ሁሉ ወደኔ ይወርዳል። ኡም ሐማዳ ከአራተኛ ፎቅ ትመጣለች፤ የሱፍ አበባ ፍሬዋን ይዛ፣ ልጣጩን ምንጣፌ ላይ እየዘራች። ኡስታዝ ለቢብም ፒጃማውን እንደለበሰ ከጎን ቤት ይመጣል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ራት የሚበላው ሰው ጋር ሲሆን ብቻ ነው።

የምናየው "ከቦዩ ማዶ"ን ነው። የድሮ ድራማ የሚያሳየው ጣቢያ ከመጋቢት ወዲህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተከታታይ ለቀቀው። ያኔ በየረመዳኑ አንድ አንድ ክፍል ብቻ፣ እሱንም በየማታው እየቆረሱ ነበር የሚሰጡን፤ ቀሪውን ለማወቅ ዓመት እንጠብቅ ነበር። ከሥራ ስትገባ የትራም ሾፌር ኮፍያህን ሳታወልቅ፣ ሰላምም ሳትለኝ፣ "ዛሬ ፊክሪያ ምን አደረገች?" ስትል አሁንም ይሰማኛል። አንድ ቀን ያየሁትን ረስቼብህ ከራሴ ፈጥሬ ነገርኩህ። በማግስቱ ትራሙ ውስጥ ለተሳፋሪው ሁሉ አውርተህ ተዋርደህ መጣህ። እንደዚያ ቀን ስቀን አናውቅም።

ታዲያ በተከታታይ ሲታይ ጉድ ወጣ። በመጀመሪያው ክፍል ፊክሪያ ልደቷን ስታከብር እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳለች፤ ጠረጴዛው ላይ ኮክ ተከምሯል፤ ማራገቢያው ይሽከረከራል። ጥቂት ክፍሎች አልፈን እንደገና ልደቷ መጣ፤ ሹራብ ደርባለች። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ካፖርት ለብሳ፣ ውጭ ዝናብ እየጣለ፣ እጇን ምድጃ ላይ እያሞቀች ሻማ ታጠፋለች። አንዲት ሴት በበጋም በክረምትም ትወለዳለች?

ኡም ሐማዳ ወዲያው ፈረደች። "ዕድሜዋን ደብቃ ነዋ! ቀኑን እያለዋወጠች ሰው እንዳይቆጥርባት። እኔስ ብሆን ዕድሜዬን ለማን ነው የምናገረው?"

"አንቺማ ብትናገሪም የሚያምንሽ የለም" አላት ኡስታዝ ለቢብ። "ነገሩ ግልጽ ነው፤ ደራሲው ሰካራም ነበር። ያለፈውን ዓመት የጻፈውን አያስታውስም።"

"አንተ ደሞ የማታውቀውን ሰው አትማ፤ ጾም እየመጣ ነው።"

"እኔ ክርስቲያኑ የምጾመው ሌላ ጊዜ ነው" አላትና ከፍሬዋ አንድ እፍኝ ዘገነ።

ወራቱ በዚህ ክርክር አለቁ። መንታ እህት አላት ተባለ። የእንጀራ እናቷ ደብቃ ሌላ ቀን አስጠናቻት ተባለ። ኡም ሐማዳማ ገበያ ድረስ ይዛው ሄዳ የዓሣ ሻጮቹን በሁለት ወገን ከፈለቻቸው። መልሱን ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ። ምክንያቱም ሌሎቹ የሚያዩት ልብሷንና ጠረጴዛዋን ነው፤ እኔ አንድ ቀን ደክሞኝ ጋደም ብዬ ሳለ ዓይኔ ከኋላዋ ያለው መስኮት ላይ አረፈ። በመስኮቱ ልጆች ያልፋሉ። ፋኖስ ይዘዋል።

በማግስቱ ሌላኛው ልደት በድጋሚ ሲታይ መስኮቱን ጠበቅሁ። ያው ነው፤ ልጆች፣ ፋኖስ፣ የረመዳን ዘፈን። በሦስተኛው ላይ ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ ጨረቃዋ ሰማዩ ላይ ሙሉ ሆና ትታያለች።

ገባህ አይደል፣ ሸውቂ? ልደቷ ሁልጊዜ ያው ነው፤ የረመዳን እኩሌታ። ረመዳን ነው በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ ከኮክ ወቅት ተነስቶ ዝናብ ውስጥ የገባው። ያኔ ስናየው እኮ ማናችንም ግራ አልተጋባንም፤ እሷ ቤት ረመዳን ሲሆን እኛም ቤት ረመዳን ነበር፤ እሷ ካፖርት ስትለብስ እኛም በርዶን ነበር። ዘንድሮ ረመዳን ሳይገባ፣ ምሳችንን በልተን ጠግበን ስናያት ነው ነገሩ የጠፋብን። ለኡም ሐማዳ ስነግራት ጉንጯን መታች። ኡስታዝ ለቢብ "ደራሲውን ይቅርታ እጠይቃለሁ" ብሎ ብድግ አለ፤ ከልቡ ነበር።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ያ መስኮት አንተን ነው ያስታወሰኝ።

አባትህ አንተ ስትወለድ ባሕር ላይ ነበር፤ ወራት ቆይቶ ሲመለስ የተመለሰበትን ቀን የልደትህ ቀን ብሎ አስመዘገበው። እናትህ ግን ይህን ቀን አንድም ጊዜ አክብራው አታውቅም። "ልጄን የወለድኩት በረመዳን እኩሌታ፣ ጎረቤት ፋኖስ ይዞ ሲዞር ነው" ትል ነበር። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ ያለችኝም ስለ ወርቋ ወይም ስለ ዕቃዋ አልነበረም። "የረመዳን እኩሌታ ልጄን አደራ፤ ቀኑን እንዳትስቺበት" አለችኝ። እኔም ስቼ አላውቅም። ማፍጠሪያ ሰዓት ሁልጊዜ ትራም ላይ ስለምትሆን፣ በዚያ ቀን ሩዝ የተጠቀለለበትን የወይን ቅጠል በድስት አድርጌ፣ በጨርቅ አስሬ፣ ኢብራሂሚያ ፌርማታ ላይ እቆም ነበር። በሩቅ ስታየኝ ደወሉን ሁለቴ ትደውላለህ፤ በሾፌሩ መስኮት ድስቱን አቀብልሃለሁ። ተሳፋሪው "ለኛስ?" ይላል። አንተም ለሁሉም አንድ አንድ ታድላለህ፤ ድስቱ ባዶውን ወደ ቤት ይመጣል።

እንግዲህ መጋቢት ላይ የሆነውን አስብ። እኔ ኡም ሐማዳ ቤት ነበርኩ። ያን ምሽት የፊክሪያ የመጀመሪያው ልደት ነበር የሚታየው፤ ኮክ ያለበት። ስወርድ ቤቱ ጨለማ ነው፣ አንተ መብራት ሳታበራ ተቀምጠሃል፣ ኮፍያህን በፌስታል ይዘሃል። "ዛሬ ስድሳ ዓመት ሞላህ ብለው አሰናበቱኝ። አንቺ የሌለች ሴት ልደት ስታከብሪ የባልሽን ረሳሽ" አልከኝ። እኔም "ልደትህ እኮ ዛሬ አይደለም" አልኩህ። የተሳለቅሁብህ መሰለህ። ወዲያው ሻንጣህን አወረድክ።

አልተሳለቅሁብህም፤ እውነቴን ነው። የመንግሥት ልደትህ ከመንግሥት ጋር ያለህ ጉዳይ ነው፤ እኔ ጋር የተወለድከው በረመዳን እኩሌታ ነው። የሥራህ መጨረሻ ያ ቀን መሆኑን ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ ፌርማታው ላይ ቆሜ እጠብቅህ ነበር። አልነገርከኝም። ለምን እንዳልነገርከኝ ግን አሁን ይገባኛል፤ ባፍህ ካላወጣኸው የማይሆን መስሎህ ነው። የትራሙን መዘውር የለቀቅክ ቀን ማንም ሳይጠብቅህ ጨለማ ቤት መግባትህን ባሰብኩ ቁጥር ተነስቼ የሳሎኑን መብራት አበራለሁ።

ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም። ኡም ሐማዳ ልትቀመጥበት ስትል "እግሩ ተሰብሯል" ብያት መሬት ተቀመጠች። ኡስታዝ ለቢብ "ልጠግነው" ብሎ መዶሻ ይዞ መጣ፤ "ሸውቂ ራሱ ይጠግነዋል" ብዬ መለስኩት። ስለዚህ ስትመጣ መዶሻ ይዘህ ትንሽ አንኳኳበት፤ ውሸታም እንዳልባል።

ኢንሺራህን ሳምልኝ። ሳልህን በትኩስ ነገር ያዘው። አላህ ጾምህን ይቀበልህ፣ ጉልበትህን ያበርታልህ፣ ኩራትህን ደግሞ ትንሽ ይቀንስልህ።

የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን የረመዳን እኩሌታ ነው። ድስቱን አስሬ በማፍጠሪያ ሰዓት ኢብራሂሚያ ፌርማታ ላይ እቆማለሁ። አንተን የተካው ሰውዬ ደግ ነው ይላሉ፤ ለእሱ ቴምር እሰጠዋለሁ፣ ድስቱን ግን አልሰጠውም። በመጀመሪያው ትራም ካልመጣህ በሚቀጥለው ትመጣለህ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ከዚያም በሚቀጥለው። ዘንድሮ የሾፌሩን መስኮት አላይም። የማየው ተሳፋሪ የሚወርድበትን በር ነው።

ቀንህን ስታ የማታውቀው
ሶሄር