የሶፋው ራእይ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ቤት ነኝ። ልጄ ኤልሻዳይ ትምህርት ቤት ናት፣ ባሌ ካሳዬ ሥራ። ሩዝ ቀቀልኩ... ያለ ጨው። መድኃኒቱ ሰውነቴን እስኪዋሃደው ሁለት ሳምንት ጨው የለም፣ ሥጋ የለም፣ በርበሬ የለም፣ ጫጫታም የለም ብሎናል ሪቨር፣ የመጠጡን ሥነ ሥርዓት የመራልን ፈረንጅ። ጫጫታ የለም? ሐበሻ ቤት ገብቶ አያውቅም መሰለኝ።

ምን ውስጥ ነው የገባሁት? እዚህ አሜሪካ በሳምንቱ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን ሳስታምም፣ ቅዳሜና እሁድ ሆም ኬር ብዬ በየታማሚው ቤት ስዞር እንቅልፍ ጨርሶ ከዳኝ። የሥራ ባልደረባዬ ክሪስቲን አዘነችልኝና ሰሜን ጫካ ውስጥ ወዳለ ካቢን፣ የእንጨት ጎጆ ወሰደችኝ። ራእይ ያሳያል የሚባል የአማዞን ሐረግ ተቀቅሎ በኩባያ ቀረበ። መረረ። አንጀቴ እስኪገለበጥ አስመለሰኝ።

ጠዋት ክብ ሠርተን የታየንን ተናገርን። ክሪስቲን ነብር አይታለች። አንዱ ሰውዬ ከሟች አባቱ ጋር ታርቋል። እኔ... ራሴን አየሁ። ሳሎኔ ውስጥ፣ ሶፋ ላይ፣ አፌን ከፍቼ ተኝቼ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አልሳቀም። ሪቨር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ይህን ራእይ በሕይወትሽ ፈጽሚው አለኝ።

እንግዲህ የተጣለብኝ አደራ ከባድ ነው። መተኛት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ተሳሳትኩ። ጓደኛዬ ገነት ደወለች፤ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ቤት ተቀምጫለሁ አልኳት። ለምን አለች። አገር ቤት አልሄድኩ፣ አልወለድኩ፣ ሠርግ የለብኝ። ከእኛ ሰው ፈቃድ ወስዶ ቤቱ የሚውል ማነው? የተደበቀ በሽታ ካልሆነ በቀር...

«አይዞሽ እህቴ፣ እሱ ያውቃል» ብላ ዘጋች። ድምጿ እንባ እንባ ይላል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ከገነት የሰሙት ሁሉ መጡ። ፓርኪንጉ ሞላ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አጥሚት በፔርሙዝ። ወዳጃችን ባይሳ ከኩን ራፒድስ ከተማ ድረስ ድራይቭ አድርጎ መጥቷል። የትኛው ሐኪም እንደያዘኝ ጠየቀ። ማንም አልያዘኝም፣ ደህና ነኝ አልኩ። ተያዩ። አንዷ መሐረብ አወጣች።

ታማሚዋ እኔ፣ ሻይ አፍልቼ የማቀርበው እኔ። ሲወጡ ደግሞ «አትነሺ፣ አትነሺ» ይሉኛል፤ ቆሜ በር እየከፈትኩላቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

እንቅልፍ የለም። የእንግዳ ሳህን ማጠብ አለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ እትዬ ፈነት ወረዱ። ዓይኔን አይተው፣ ምን ሆነሽ ነው፣ እውነቱን ንገሪኝ አሉ። ደከመኝና ነገርኳቸው... ሐረጉን፣ ምሬቱን፣ ማስመለሱን፣ ዕረፍቱን።

«ታዲያ የፈረንጅ ኮሶ ጠጣሁ አትይም?» አሉ። «ይኼን ደብቀሽ ነው አገር የምታስለቅሺው?»

በእሳቸው ልጅነት ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ዘግቶ ይውላል። እንግዳ አይቀበልም፣ ዳኛ ቢጠራውም አይሄድም፣ የሚቀየመው የለም። ወንበር ከኩሽናዬ ይዘው ወጥተው ኮሪደሩ ላይ፣ በራችን ፊት ተቀመጡ።

ገነት ድስት ይዛ ስትመጣ ከውስጥ ሰማሁ።

«እንዴት አደረች?»

«ኮሶ ጠጥታለች። ድስቱን አስቀምጪና ሂጂ።»

የገነት ሳቅ ተሰማኝ። እኔ ደግሞ ጸሎት አስይዤላት፣ እያለች ደረጃውን ወረደች። ከዚያ ሌላ የሰማሁት የለም። ተኝቻለሁ። ኤልሻዳይ ፎቶ አንስታኛለች፤ አፌ የጋራዥ በር አክሏል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሳምንቱን ሙሉ ተኛሁ። ሰውም አልመጣም።

ዛሬ የሆም ኬር አለቃዬ ደወለች። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ ሦስት ሠራተኛ ጎድሎብኛል፣ እንደ ሁልጊዜው አንቺ ትሸፍኚልኛለሽ አለች። «ከእንግዲህ ቅዳሜና እሁድ አልሠራም» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁት።

ዞር ስል ካሳዬ የመኪና ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሁለተኛ ፈረቃው ሊጀምር ነበር። ሁሉን ሰምቷል። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መኪናው ኢንሹራንስ ሊዘረዝርልኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ኮሶውን ለእኔስ አይሰጡኝም?» አለ።

መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ አልኩትና ሶፋው ላይ ጠጋ አልኩለት።