ሊክ ነው ያልኩት

ሮብ

አላልኩም! «ልክ ነው» አላልኩም። «ሊክ ነው» ነው ያልኩት። ሊክ! ሊ! እንደ ሊጥ ሊ! ጋሼ ደግሞ «ያፈሳል ብትይ ምን ነበረበት?» ይለኛል። ምንም አልነበረበትም። አፌ ላይ የመጣው እንግሊዝኛው ነው በቃ። ይሄ ሁሉ ዓመት ቶሮንቶ ተቀምጬ አማርኛዬ ቢሸራረፍ የኔ ጥፋት ነው?

ፊት ለፊት «እርሶ» ነው የምለው። ይሄ ግን የራሴ ደብተር ነው። አንተ እለዋለሁ። አንተ ጋሼ ታምሩ!

የሆነው እንዲህ ነው። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አብሮ አደጉ ሞቶ ለለቅሶ ካልጋሪ ሄደና ነዳጅ ማደያውን ለኔ ጣለልኝ። ትምህርት ካቆምኩ ጀምሮ እዚሁ ኤግሊንተን መንገድ ላይ ነኝ። ጠዋት ጠዋት መሬት ስር የተቀበሩትን ታንከሮች በረጅሙ ዱላ እለካለሁ፣ ከዛ ጋሼ ይደውላል። «ልክ ነው?» «ልክ ነው።» «ተባረኪ።» ይዘጋል። ሁሌ ይቺው ናት፣ እንደ ጸሎት።

ትናንት ጠዋት ሁለተኛው ታንከር ወርዶ አገኘሁት። ማታ ስዘጋ የለካሁት ራሴ ነኝ። ሌሊት ማን ቀዳ? ጅብ? ዱላው ጫፍ ላይ የምንቀባው ነገር ደግሞ ቀይ ሆኗል። ቀይ ከሆነ ታች ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ውሃ መግቢያ ካገኘ ቤንዚኑም መውጫ አግኝቷል። ለዚህ ዲፕሎማ አያስፈልግም።

ሲደውል ከኋላው ሴቶች እየጮሁ ያለቅሳሉ። «ልክ ነው?» «ጋሼ፣ ሊክ ነው!» «ተባረኪ።» ጧ!

ከዛስ? ልክ ነው ብላኛለች ብሎ ቤንዚን አዘዘ። ቦቴው መጥቶ ሞላው። የሚያፈስ ታንከር! እኔ ጅሏ ደግሞ ነግሬው እያለ የላከው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ቆሜ አየሁ።

ዛሬ ደወልኩ። ጮኸ፣ ጮህኩ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እሱ ነው ያስፈራኝ።

«ሁለተኛውን ፓምፕ ዝጊው። ሰኞ እመጣለሁ። እስከዛ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።»

«ጋሼ፣ መሬት ውስጥ እየገባ እኮ ነው።»

«ትምህርትሽን ጥለሽ አስተማሪ ሆንሽብኝ?»

ዘጋብኝ። ፓምፑን ዘጋሁ። ታንከሩን ግን በምን ልዝጋው?

ሐሙስ

ሸተተ።

ለባቡሩ ብለው ኤግሊንተንን ከቆፈሩት ወዲህ ሰፈሩ የማይሸተው ነገር የለም፤ ሬንጅ፣ ናፍጣ፣ ጭቃ። ይሄ ግን የኛ ነው። አውቀዋለሁ፣ ጃኬቴ የሚሸተው እሱን ነው።

ከሰዓት ሚስ ጆይስ መጣች። ከኛ ቀጥሎ ጸጉር ቤት ያላት ጃማይካዊት ናት፣ ከሱቋ ስር ቤዝመንቱ ውስጥ ከልጅ ልጇ ጋር ትኖራለች። የተቀመጥኩበትን ክፍል መስታወት በቀለበቷ አንኳኳች።

«ዳርሊን፣ ቤቴ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ልጁም ጭንቅላቴን እያለ ነው። እናንተ ጋ ምን አለ?»

«የባቡሩ ቁፋሮ ነው» አልኳት።

እኔ ነኝ እንደዛ ያልኩት። እኔ! ነገር አልዋጥልኝ ብሎ ከስንቱ ጋር የተጣላሁ!

«እናንተ ደግሞ ሁሉን በባቡሩ ነው የምታሳብቡት። ባሌንም የወሰደው ባቡሩ ነው በይኛ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ይቺ ክፍል ደግሞ። መስታወት፣ ማስቲካ፣ ሲጋራ፣ ሎተሪ። ከመስታወቱ ወዲያ የቁፋሮው አጥር። ከአጥሩ ወዲያ የቆመ መኪና። ዓሣ እንኳን ውሃ አለው።

ብናገር ማደያው ይዘጋል። ጋሼ ዕድሜውን ታክሲ ነድቶ ነው የገዛው። እኔንም ስፖንሰር አድርጎ ያመጣኝ እሱ ነው፣ የምኖረውም ሬክስዴል እሱ ቤት ነው። ካባረረኝ የት ነው የምገባው?

ባልናገር ልጁ እዛ ሽታ ውስጥ ይተኛል። ሚስ ጆይስ ታች ያላት ማሞቂያ ደግሞ ውስጡ እሳት የሚነድበት ዓይነት ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ጋሼ ጋ ደወልኩ። አያነሳም። ደወልኩ። አያነሳም። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት፣ ከዛ ተሰብሮ እንዳይሆን ሮጬ አነሳሁት። ንዴቴ እንኳን እዚህ ቤት ነፃ አይደለም።

ዓርብ

ደወልኩ። ለጋሼ አይደለም።

መጀመሪያ ግን ሚስ ጆይስ ጋ ሮጥኩ። «ልጁን ይዘሽ ውጪ! መብራት እንዳትነኪ! ምንም እንዳትነኪ!»

«ትናንት ባቡሩ ነው አላልሽኝም?»

«ዋሸሁሽ።»

አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁን ከነፒጃማው ጠቅልላ ወጣች። ከዛ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። እንግሊዝኛዬ በንዴት ጊዜ እንዴት እንደሚያምር!

እሳት አደጋዎች መጡ። የሆነ መለኪያ ይዘው ወደ ቤዝመንቱ ሲወርዱ ገና ደረጃው ላይ ጮኸ። መብራት ቆረጡ፣ ጋዙን ዘጉ፣ መንገዱን ዘጉ፣ ትልልቅ ቬንቲሌተር አምጥተው አየሩን ጠርገው አወጡት። ከሰዓት አንድ መኪና መጥቶ ታንከሩን እንደ ጁስ በስትሮ መጠጠው። አሁን መሬቱን እየበሱ የት ድረስ እንደሄደ ይፈልጋሉ።

ልጁን ሐኪም አየው። ደህና ነው። ደህና ነው!

አንዱ እሳት አደጋ፣ «እንኳን ዛሬ ደወልሽ፣ ነገ ብትይ አንደርስም ነበር» አለኝ። ሰው በደህና ነገር ካመሰገነኝ ስንት ጊዜዬ። ደስ ሳይለኝ ወዲያው፣ «ኃላፊው ማነው?» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የማደያውን ጃኬት የለበስኩት እኔ ነኛ።

ለጋሼ ቴክስት አደረግኩለት፦ ልጁ ደህና ነው፣ ማደያው ተዘግቷል፣ የደወልኩት እኔ ነኝ። የመለሰው፦ «ቤቴን አፈረስሽው።» ከዛ ብደውል አያነሳም።

ቅዳሜ

ማደያዎችን የምትቆጣጠር ኢንስፔክተር መጣች። ደህና ሰው ትመስላለች፣ እሱ ነው ያስቸገረኝ። ክፉ ብትሆን መልሱን አውቅበት ነበር።

«ባለቤቱ መቼ ነው ያወቀው?» አለችኝ። የማክሰኞውን ነገርኳት። ሊክ እና ልክ።

ሁለቱንም በአፏ ሞከረቻቸው። «ሊክ። ልክ። ለኔ ጆሮ ፈጽሞ አይመሳሰሉም» አለች። በሷ ቋንቋ አንዱ ማፍሰስ ነው፣ አንዱ መላስ። እንዴት ይምታቱባት? ታዲያ በየጠዋቱ «ልክ ነው» ሲሰማ የኖረ ሰው፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ በተቆራረጠ ስልክ ምን እንደሚሰማ በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚነገረው? ነገርኳት እንግዲህ። ጻፈችው። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ከዛ፣ «እሺ፣ ከማክሰኞ በኋላስ? መልሰሽ አልደወልሽለትም?»

«ሚስ ጆይስን አናግረሽ ስትመለሺ እነግርሻለሁ» አልኳት። ሄደች፣ መሬቱን የሚበሱት ሠራተኞች ከመውጣታቸው በፊት ትመለሳለች።

ጋሼ፣ ከዚህ ጀምሮ ያለውን ፎቶ አንስቼ እልክሎታለሁ። ስልኩን ባያነሱትም እንደሚያዩት አውቃለሁ።

ማክሰኞ አልሰሙኝም። እሱን ለማንም እምልሎታለሁ። ሮብ ግን ሰምተውኛል። ትንፍሽ እንዳትይ ብለውኛል። መቼ እንዳወቁ የምትጠይቀው ኢንስፔክተር ከርሶ አፍ ከሰማችው ደንግጠው ነው፣ ሰው ይደነግጣል። ከኔ አፍ ከሰማችው ግን የደበቁ ሰው ነዎት፣ እኔ ደግሞ አጎቷን ያሳሰረች። ከጠየቀችኝ አልዋሽም። አንዴ ዋሽቻለሁ፣ ሚስ ጆይስ በምን ዓይነት ዓይን እንዳየችኝ እርሶ አላዩም።

እዚሁ መስታወቱ ውስጥ ነኝ። ውጪ ሰዎቹ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀምረዋል፣ ሳይሄዱ ትመለሳለች። መጀመሪያ ይስደቡኝ ከፈለጉ፣ እሰማለሁ፣ አልመልስም። ከዛ ስልኩን ለሷ ልስጣትና ራስዎ ይንገሯት። ብቻ ሳይመሽ ይደውሉ። ካልጋሪ ሳይመሽ አይደለም የምሎት ጋሼ፣ እዛ ገና ቀን ነው። እዚህ ሳይመሽ። እዚህ እየጨለመ ነው። አሁን ይደውሉልኝ።