ንቦቹ ከገቡ በኋላ

አምቦ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአመለሸጋ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አዲሱን ትምህርት ቤት ለመድሽው ወይ? እናትሽም እኔም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት መስጠት ስላልፈለግሁ አጎትሽ ዓብዲሳ ይዞልሽ መጥቷል።

ስለ ንቦቹ ልንገርሽ። ወንድምሽ ሌንጮ ከኦቦ ፈዬራ ጋር ወንዙ ዳር ካለው ዋንዛ ላይ የሰቀላቸውን ቀፎዎች ታውቂያቸዋለሽ። ዘንድሮ አበባው ብዙ ስለሆነ ማሩን ለኅዳር ሚካኤል ሊቆርጡ ነበር። በመስከረም መጨረሻ ግን ክሽክሽ የሚሉት ተባይ የሰፈሩን ጎመን ወረረው። ከሱቅ የሚገዛ መድኃኒት የለም። ጎረቤታችን ዘርፈሽ የብርብራ ፍሬ ወቅጣ ውሃ ውስጥ አሳደረችና፣ ረፋዱ ላይ ቅጠል እየነከረች ጎመኑ ላይ ረጨች። ግማሹ ጎመን አብቦ ነበር። ከሰዓት በኋላ ንቦቹ አበባው ሥር እንደ ፈሰሰ ኑግ ተበትነው ተገኙ።

ሌንጮ በእፍኙ ለቅሞ ወሰደላት።

«እትዬ፣ ምን አደረጉባቸው?»

«እኔ ምን አደረግሁ? የዛፍ ፍሬ ነው እንጂ ከፋብሪካ የመጣ መርዝ አይደል!»

«ጉደር ላይ ዓሣ የሚያሰክሩት በምን ሆነና? ዓሣ የጣለ ለንብ ይራራል?»

«አንተ የንብ ጠበቃ! ታዲያ ጎመኔን ለክሽክሽ ላስረክብ?»

አልከለከላትም፤ አሳያት እንጂ። ያበበውን መተው፣ ያላበበውን ከቅጠሉ ሥር ብቻ መርጨት፣ ባልዲውንም ከወንዙ ርቆ ማጠብ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ንቦቹ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ሲመሽ መርጨት፤ እስኪነጋ ቅጠሉ ይደርቃልና። ዘርፈሽ ሣቀችበት።

«ንቦችህ የሚገቡት እኮ እኛም በምንገባበት ሰዓት ነው!»

እውነቷን ነበር። ሰዓት እላፊው ከጠበቀ ወዲህ ጀንበር ከጠለቀች ከግቢው የሚወጣ የለም፤ አትክልቱ ደግሞ ወንዙ ዳር ነው። ኦቦ ፈዬራ፣ «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ ሆይ፣ ጎመኑ ይቅር፤ ነቅለን ለከብት እንስጠው» ብለው ለመኑት። እሱ ግን፣ «እኔ ማታ ካልረጨሁ እትዬ ዘርፈሽ ነገ ረፋድ ይረጩታል» አለ። አንድ ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ባልዲውን አንጠልጥሎ ወጣ።

የእሷንም የእኛንም ረጭቶ ሲመለስ አብዮት ጥበቃዎች አገኙት። ዘርፈሽ ከአጥሯ ሥር ሆና ትሰማ ነበር።

«ባልዲው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«መርዝ ነው» አላቸው። «የክሽክሽ።»

«በዚህ ሰዓት፣ ወንዝ ዳር፣ መርዝ?»

የሳሙና ውሃ ነው ቢላቸው ምን ነበረበት እላለሁ። ግን ያን ሰሞን ለሰፈሩ ሁሉ «ከዛፍም ቢመጣ መርዝ መርዝ ነው» ሲል የከረመ ልጅ ነው። ያስተማረውን ነገራቸው፤ እነሱም ከነባልዲው ወስደው አሰሩት።

እናትሽ በየቀኑ ምሳ ትወስድለት ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ዕለት፣ አገልግሉን ሳይከፍቱ መለሱላት። «ከእንግዲህ እንዳታመጪ» አሏት። ሌላ ቦታ አዛውረውት ይሆናል አልኳት። አገልግሉን እንደ ታሰረ ጓዳ ሰቀለችው። ጎረቤቱ ድምፁን አጥፍቶ ይገባል፣ ይወጣል። ዘርፈሽ ከደጃችን ጥግ ተቀምጣ ትውላለች።

ጎመኑ ድኗል። ክሽክሹ ረግፏል። እሱ በረጨ ማግስት ከአበባው ሥር ጎንበስ ብዬ ፈልጌ ነበር፤ አንዲት የሞተች ንብ አላገኘሁም። ኦቦ ፈዬራ ዘንድሮ ማሩን አልቆርጥም ብለዋል።

ልጄ፣ ዓብዲሳን በጥያቄ አታስጨንቂው። ፈቃድ ጠይቂና አብረሽው ነይ። ጊንጪ ስትደርሱ የሚያውቅሽ ሰው አይቶ ቢያቅፍሽ፣ አደራ፣ ድምፅ እንዳታሰሚ። ማልቀስ ወንጀል ሆኗልና ቤት እስክትገቢ ቻይው። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

በየምሽቱ አጥሩ ጋ ቆሜ ንቦቹ ሲገቡ አያለሁ። ሁሉም ከገቡ በኋላ የግቢውን በር እዘጋለሁ። ትናንት ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ በሩ ሳይዘጋ አደረ።

የቀረሽልኝን አንቺን አምላክ በሰላም ያግባልኝ። መንገድሽን ያቅናው፤ ዕድሜሽንም ያርዝመው።

አባትሽ ደግፌ