በግዝት የተፈተነች ልጅ

ቀን፦ ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተማሪዎች ልየታና ምዘና ጣቢያ ኃላፊ
እንጅባራ

ጉዳዩ፦ በልጄ በተማሪ እንቁ ወርቅአየሁ ላይ የተሰጠው የምዘና ውጤት ተሰርዞ፣ እኔ በሌለሁበት ዳግመኛ እንድትመዘን ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ወርቅአየሁ ፀጋው በዘንገና አካባቢ የምኖር አርሶ አደርና ከሰል አክሳይ ነኝ። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለ ሆነ፣ አጻጻፌ ቢጎድል ይቅርታዎን እለምናለሁ። ባለቤቴ የሻረግ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየች አራት ዓመት ሆናት። ከእሷ የቀረችኝ እንቁ ብቻ ናት፤ አሁን አሥረኛ ዓመቷን ይዛለች። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በእሷ ላይ ስለ ወደቀ ይህን አቤቱታ በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ልጄ ምን ዓይነት ልጅ እንደ ሆነች አስቀድሜ ላስረዳ። ለከሰል የምንተክለውን የዲከረንስ ዛፍ ቆርጠን ስንከምር፣ ክምሩን አንድ ጊዜ ዞራ አይታ ስንት ማዳበሪያ ከሰል እንደሚወጣው ትነግረኛለች። አምና ሃያ ሦስት ስትል ጎረቤቶቼ ሳቁባት፤ ሃያ ሦስት ወጣ። የነፍስ አባቴ መምሬ ገበየሁ የዓመቱን አጽዋማት በባሕረ ሐሳብ ሲያወጡ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሰማች፤ ሰምታም የሚቀጥለውን ዓመት ፋሲካ በራሷ አውጥታ ነገረቻቸው። እሳቸውም «ይቺን ልጅ ማን አስተማራት?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። እኔ እንኳን ላስተምራት የምትለውም አይገባኝም።

2. ባለፈው ጥቅምት መምህርቷ ወይዘሮ ፀደይ ቤቴ ድረስ መጡ። ከጣቢያችሁ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች የሚለዩ መዛኞች እንደሚመጡ፣ ያለፈች ልጅም ባሕር ዳር በአዳሪነት እንደምትማር ነግረውኝ የወላጅ ስምምነት ፎርም ሰጡኝ። ሦስት ቀን አሰብሁበት። ትፈተን፣ ይጠቅማታል አልሁ። ደግሞ ለሰው ዓይን ማውጣት ነው አልሁ፤ በእኛ ዘንድ የልጅን ብልህነት ደጅ አያወጡም። መምህርቷ ግን «ጋሼ፣ ፈረሙ ወይ?» እያሉ ሲመላለሱ ሐፍረት ያዘኝና ፈረምሁ።

3. ቀጥሎ ያለውን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። በምዘናው ዕለት ጠዋት ልጄን ደጃፍ ላይ አቁሜ፣ «በእናትሽ አጥንት፣ በሚካኤል ግዝት ይሁንብሽ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚጠይቅሽን ሁሉ አላውቅም በዪ» አልኋት።

«ሁሉንም?» አለችኝ።

«ሁሉንም» አልሁ። እስከ መቼ እንደ ሆነ አልነገርኋትም።

መዛኙ ስሟን ጠየቋት። አላውቅም አለች። የአባቷን ስም ጠየቋት። አላውቅም አለች። ላም ስንት እግር አላት ቢሏት አላውቅም አለች። እኔ በመስኮቱ ሥር ቆሜ እሰማ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። ስንመለስ ከረሜላ ገዛሁላት።

4. ውጤቱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት» ተብሎ ተጽፎ፣ ከአራተኛ ክፍል አውጥተው በግቢው ጫፍ ወዳለችው ልዩ ክፍል አዛወሯት። እኔ ካላለፈች በነበረችበት ትቀጥላለች ብዬ እንጂ ይህ ይመጣል ብዬ አላሰብሁም። በዚያ ክፍል ያሉትን ልጆች አልንቅም፣ የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸው፤ ነገር ግን አስተማሪ የሚገባላቸው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በዕረፍት ሰዓት የድሮ ጓደኞቿ ከበው «አላውቅሟ መጣች! አላውቅሟ፣ ስምሽ ማነው?» ይሏታል። እሷም እንደ ታዘዘችው «አላውቅም» ትላለች። ይሄኔ ሳቁ ይደራል።

5. ቤት ውስጥ እንደ ወትሮዋ ታወራ ስለ ነበር እኔ ይህን ሁሉ አልሰማሁም። በጥር ወር ወይዘሮ ፀደይ አስጠርተውኝ፣ ልጅቷ ራበሽ ወይ ስትባል እንኳ አላውቅም እንደምትል ነገሩኝ። ግዝቱ በእኔ ልብ የአንድ ቀን ነበርና ረስቼዋለሁ። እልኸኛ ሆናለች ብዬ፣ ቤት ስንገባ «ምላስ የለሽም? ለምን አትመልሺም?» እያልሁ በልምጭ ገረፍኋት። አላለቀሰችም። ልምጩ ሲሰበር፣ «አባባ፣ ራስህ ገዝተኸኝ የለ? ብመልስ የእማዬ አጥንት አይወቅሰኝም?» አለችኝ።

እዚያው ፈትቼሻለሁ አልኋት። «ግዝት የሚፈታው ቄስ ነው» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። በማግሥቱ መምሬ ገበየሁ ዘንድ ወሰድኋት። በመስቀላቸው ፈቱላት። ለእኔ ንስሐ ሰጥተው፣ «ሕፃን በእናቷ አጥንት አስረህ፣ አንተ እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ?» አሉኝ። ወስዶኝ ነበር። ደኅና አድርጎ ነው የወሰደኝ።

6. አሁን ትምህርት ቤት ስትጠየቅ ትመልሳለች። በትክክል ስትመልስ ግን «ማን ሹክ አላት?» ይላሉ። ወረቀቱ እንዲታረም ከየካቲት ጀምሮ ወደ ጣቢያችሁ አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የመዝገብ ሠራተኛው አቶ አስማረ፣ «አባቴ፣ ስሟን የማታውቅ ልጅ ሊቅ ናት እያሉኝ ነው?» አሉኝ። የግዝቱን ነገር ስነግራቸው ወደ ጎን ዞረው፣ «እስቲ ፎርሙ ላይ ግዝት የሚል ሣጥን ካለ ፈልግልኝ» ብለው ከጓደኛቸው ጋር ተሳሳቁ። አልፈርድባቸውም። በመስኮቱ ሥር ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ የፊተኛው ውጤት የሚሻረው በሌላ ምዘና ብቻ እንደ ሆነ ነገሩኝ። ያው ውጤት ከተደገመ ወረቀቱ በማኅደሯ ለዘለቄታው ይቀመጣል። ካለፈች ደግሞ በመስከረም ወደ ባሕር ዳር ትወሰዳለች። ለምዘናውም ለመሄዷም የእኔ ፊርማ ያስፈልጋል።

7. ፎርሙን ይዤ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። በጸሎት ሰዓት ራሴን መረመርሁ። ለመምሬም ለመምህርቷም፣ ከሰው ዓይን ልጠብቃት ብዬ ነው ብያለሁ። ውሸት ነው። የሻረግ ከሞተች ወዲህ በቤቴ ውስጥ የሰው ድምፅ የእንቁ ብቻ ነው። ካወቀች ትሄዳለች፣ ካላወቀች ከእኔ ጋር ትቀራለች ብዬ ነው። ልጄ ደንቆሮ ተብላ እንድትቀርልኝ ወደድሁ። ይህን ለንስሐ አባቴ ከመናገሬ በፊት ለእርስዎ ጻፍሁት፤ ምክንያቱም ልጄን ከእኔ ማስጣል የሚችሉት እርስዎ ነዎት።

8. ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ «እንቁዬ፣ እንደገና መፈተን ትፈልጊያለሽ? ባሕር ዳር ሄደሽ መማርስ?» አልኋት። ፊቴን አተኩራ አየችና፣ «ምን ብዬ እንድመልስልህ ትፈልጋለህ?» አለችኝ። መምሬ የፈቱት አፏን ነው። ይሄኛውን የሚፈታ ቄስ አላገኘሁም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው፦

ሀ/ በጥቅምት የተመዘነው የእኔ ቃል እንጂ የልጄ ዕውቀት ስላልነበረ፣ ውጤቱ እንዲሰረዝ፤

ለ/ እስከሚቀጥለው ምዘና ድረስ ወደ አራተኛ ክፍሏ እንድትመለስና እንደ ማንኛውም ልጅ እንድትጠየቅ፤

ሐ/ ለምዘናው ከወይዘሮ ፀደይ ጋር እንድትመጣ። እኔ ከቤቴ አልወጣም። ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት «አባትሽ እዚህ የለም፤ መስኮቱም ሥር የለም» ብላችሁ እንድትነግሯት፤

መ/ ካለፈች እንድትወስዷት ነው። ፎርሙን ፈርሜ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ዛሬ የፈረመው እጄ ነገም ያው ይሆናል ብዬ ግን በራሴ አልተማመንም። በመስከረም መኪናው ሲነሣ ታምሜአለሁ ብዬ ብመጣ፣ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ ብል፣ በራችሁ ላይ ወድቄ በሚካኤል ስም ልጄን መልሱልኝ ብዬ ብለምናችሁ እንኳ፣ እባካችሁ አትስሙኝ።

ይቅርታዎን ከሚጠብቅ አባት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ወርቅአየሁ ፀጋው
የተማሪ እንቁ ወርቅአየሁ አባት