የመረጥሁት የጉሙን ወር ነው

ግንቦት 19 ቀን፣ ከቤት

ለውድ ባለቤቴ፣ ድልድይ ወደሚሠራበት ሩቅ ስፍራ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እኔና ልጃችን ደህና ነን። እሷ ለፈተና እየተዘጋጀች ነው። "አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?" ማለቷን ትታ፣ "እማዬ፣ ወሩን መረጥሽ ወይ?" ማለት ጀምራለች።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ ስድስት ቀን ሆነው። ተራራው ላይ ወዳለው የጤና ማረፊያ አብረን የምንሄድበትን ጊዜ እስከዚህ ወር መጨረሻ ካልወሰንሁ፣ እዚያው ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ለመሥራት እንደምትፈርም ጽፈሃል። ቃልህ ግልጽ ስለሆነ ማብራሪያ አልጠይቅም።

ጉዞውን ስድስት ዓመት ያዘገየሁት እኔ መሆኔን አልክድም። ምክንያቶቼ ግን ሐሰት አልነበሩም። በጥር ብርዱ ለወገብህ አይስማማም፤ በመጋቢት ነፋሱ አቧራ ያነሣል፤ በጥቅምት ሰማዩ ቢጠራም ማረፊያው ይጨናነቃል፤ በሐምሌ ደግሞ ጉሙ ከክንድ በላይ አያሳይም። እንከን የሌለበት አንድም ወር አላገኘሁም። "አንቺ ወቅት ስትመርጪ ወቅቱ ያልፋል" ያልከኝ ጊዜ ክፉኛ ተቆጥቼ ነበር። የተቆጣሁት ግን ውሸት ስለሆነ አልነበረም። በወሩ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ፤ ይኸው አሥራ አራት ወር።

ባለፈው ሳምንት የሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ብቻዬን ወደ ማረፊያው ወጣሁ። የእንፋሎት ክፍሉን ሙቀት ለካሁ፤ ፍራሹን ለወገብህ ስል በጉልበቴ ተጫንሁት፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ያለውን ደረጃ ቆጠርሁ። ኃላፊዋ ጠና ያለች፣ የቁልፍ ቀለበት ከወገቧ የማይለይ ሴት ናት። በትዕግሥት ስትከተለኝ ቆየችና፣

"የኔ እመቤት፣ ይሄ ስንተኛው ጥያቄ ነው?" አለችኝ።

"አሥራ ሰባተኛው።"

"እኔ ባሌን ሳገባ እንኳ ሦስት ብቻ ነው የጠየቅሁት!"

"መልሶቹ ትክክል ነበሩ?"

"አንዱም! ግን ይኸው፣ ሠላሳ ዓመት አብረን አለን።"

የትኛው ወር እንደሚሻል ስጠይቃት፣ "ከማን ጋር ነው የሚመጡት?" ብላ ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰችልኝ። ነገርኋት። ምን ያህል እንደነገርኋት አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

"እንግዲያው በሐምሌ ይምጡ" አለች። "ሰማዩ ሲጠራ እንግዳው ሁሉ በየፊናው ወደ ጫፉ ይወጣል፤ ራት ላይ እንኳ ወሬው ስላነሣው ፎቶግራፍ ነው። ጉም ሲሆን ግን የት ይኬዳል? ምድጃው ዳር ነው። ተኳርፈው የመጡ ስንት ባልና ሚስት አይቻለሁ መሰለዎት! በሦስተኛው ቀን ሰልችቷቸው ይነጋገራሉ።"

"ሰልችቷቸው?"

"ታዲያስ! የሚያናግረው ፍቅር ብቻ ነው እንዴ?"

በምሠራበት የዘር ምርመራ ላቦራቶሪ መቶ ዘር በእርጥብ ወረቀት ላይ ደርድሬ፣ ስንቱ እንደሚበቅል በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ስለ አንዲት ዘር ግን ምንም ማለት አልችልም። እኛ ደግሞ መቶ አይደለንም።

ስለዚህ ሐምሌን መርጫለሁ፤ ከአሥር እስከ ሃያ። በዝናቡ ጊዜ የድልድዩ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ አለቃህ ፈቃድ አይከለክልህም ብዬ እገምታለሁ። ከተራራው ላይ ምንም አይታይም፤ ይህን አስቀድመህ እንድታውቀው እፈልጋለሁ። ደብዳቤው በአምስት ቀን እንደሚደርስህም ፖስታ ቤት ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኃላፊዋ ስሜን ልትመዘግብ መዝገቧን ስትከፍት፣ "አንድ ክፍል ነው ሁለት?" አለችኝ። ለሌላው ሁሉ ሠንጠረዥ ነበረኝ፤ ለዚህ አልነበረኝም። "አንድ" አልኋት፤ ድምፄ ግን የኔ አልመሰለኝም። ወዲያው ማስለወጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይቻላል። ሁለት ይሻላል ካልህ ጻፍልኝ፤ ቅር አልሰኝም ብል ግን ትክክለኛ አይሆንም። አንዱ ይበቃል ካልህ ደግሞ መልስ ለመጻፍ አትድከም፤ ዝም ብለህ ና።

የምትረግጠውን ሳንቃ ሁሉ ፈጣሪ ያጽናልህ።

ባለቤትህ